ከዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በዕለቱ ወደ ቤት ለመመለስ ዝግጁ መሆን

ትራኮማ ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብን ውስጠኛ ክፍል ያጠብሳል። ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ስለሚቀለብሰው ሽፋሽፍቱ ዓይንን እየፋቀ በመጨረሻ ለዓይነ ስውርነት ይዳርጋል። የአማራ ክልል በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጎዱ የአገሪቱ አካባቢዎች አንዱ ነው። የተቀለበሰው ቆብ በሠለጠነ ባለሙያ በጤና ጣቢያ ደረጃ በቀዶ ሕክምና ሊቃና ይችላል፤ ስለዚህ የፈረስ ቤት፣ የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ዙሪያ ነዋሪ ሆስፒታል ሳይተኛ በዕለቱ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ኮቪድ-19 መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተረጋገጠ ወዲህ በዕለቱ መመለስ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ በጤና ተቋም የሚቆዩበት ጊዜ ሲያጥር ለቫይረሱ የመጋለጥ ዕድል ይቀንሳል። ሆኖም ወረፋ ለማቃለል ወይም መሽቷል በሚል ችኮላ ታካሚ አይሰናበትም። መለኪያው የታካሚው ሁኔታ እንጂ ሰዓት አይደለም።

ከመሰናበት በፊት የሚመረመሩ ነገሮች

በዓለም ላይ በስፋት በሚሠራበት አንድ መመዘኛ አምስት ነገሮች ይታያሉ፦ የደም ግፊትና የልብ ምት፣ መራመድ፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ፣ ሕመም፣ መድማት። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣል፤ ከ10 ነጥብ 9 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሊሰናበት ይችላል። የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መድኃኒት የሚሠራ ቢሆንም ጥያቄዎቹ እዚህም ይጠቅማሉ።

1. መድማት፦ በፋሻው ላይ የሚታየው ደም እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ታካሚው መቆየት አለበት።

2. ሕመም፦ ማደንዘዣው ሳይለቅ «አላመመኝም» ማለት በቂ ማስረጃ አይደለም። አረጋውያን የመንገዱን ርዝመት አስበው ሕመማቸውን ሊሸሽጉ ስለሚችሉ ባለሙያው ለይቶ ሊጠይቃቸው ይገባል። የሕመም ማስታገሻውም ከመነሳታቸው በፊት በእጃቸው መግባት አለበት።

3. መራመድ፦ አንድ ዓይን ሲሸፈን ርቀትንና ጥልቀትን መለየት ያዳግታል፤ በዳገትና በቁልቁለት መንገድ ለመውደቅ ያጋልጣል። ታካሚው ሳያዞረው ቆሞ መራመዱ ሊረጋገጥ፣ የሚመራውም ሰው ሊኖር ይገባል።

4. ማቅለሽለሽ፦ ውሃና ምግብ መውሰድ መቻሉ ይታያል።

5. ትኩሳትና ሳል፦ እነዚህ ምልክቶች ወይም የትንፋሽ ማጠር ካሉ ታካሚው ከሌሎች ተለይቶ ለኮቪድ-19 ይመረመራል።

ለአስታማሚ የሚሰጥ ምክር

መጨናነቅን ለመቀነስ አንድ አስታማሚ ይበቃል፤ እርሱም ሆነ ታካሚው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያደርጋሉ። ምክሩ ለሁለቱም ይነገራል፤ የተረዱት መሆኑም መልሰው እንዲናገሩ በማድረግ ይረጋገጣል።

ፋሻው በማግስቱ በጤና ባለሙያ ስለሚነሳ፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ታካሚ በከተማው ከዘመድ ቤት ማደሩ ይመረጣል። ቅባት ከመቀባት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል። በባለሙያ ካልታዘዘ በቀር ቅቤ፣ ቅጠልም ሆነ ሌላ ነገር በዓይን ውስጥ አይጨመርም። በራሱ የማይሟሟ ክር ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ሽፋሽፍቱ እንደገና ሊቀለበስ ስለሚችል ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ መታየት ያስፈልጋል።

የማያቆም ደም፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ መግል፣ የእይታ መቀነስ ወይም ዓይንን መክደን አለመቻል ከታየ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ይገባል። ቫይረሱን ፈርቶ ቤት መቆየት ሊድን የሚችል ዓይንን ሊያሳጣ ይችላል። በወረርሽኙ ወቅት ስለ ኮቪድ-19 መረጃ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ይሰጥ ነበር።

ከመመዘኛዎቹ አንዱን ያላሟላ ታካሚ እስኪሻለው በጤና ጣቢያው ይቆያል፤ ካልተሻለው ወደ ሆስፒታል ይላካል።