«ኮሌጅ ገብታ ትዛወር»፦ ዲላ ላይ የሚባለውና እውነታው

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ዲላ ውስጥ ቡና የተፈላበት ቤት ሁሉ ሸንጎ ነው። ጋዜጠኛ እሆናለሁ ስትል የኖረች ልጅ ከግማሽ በታች አምጥታ አኩርፋ ተቀምጣለች። ቨርጂንያ ያለው የአክስት ልጅ ይደውላል፤ «ምን ያስጨንቃችኋል? እኔ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሬ አይደል ዩኒቨርሲቲ የተዛወርኩት? እሷም ኮሌጅ ገብታ ትዛወር።»

አልዋሸም። ያወራው ግን ስለ ሌላ አገር ነው።

አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ኮሌጅ ኢሊኖይ ውስጥ በ1901 እ.ኤ.አ. ሲከፈት፣ ሐሳቡ የዩኒቨርሲቲን ሁለት ዓመት በቅርብና በርካሽ ማስተማር ነበር። ብዙ ሐበሻ የሚማርበት የሰሜን ቨርጂንያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም ከግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የዝውውር ስምምነት አለው። የተባለውን ኮርስ በተባለው ውጤት የጨረሰ ክሬዲቱ ይቆጠርለታል። እዚያም ቢሆን ጋዜጠኝነት ላይ ወጥመድ አለ። ብዙ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች ዜና አጻጻፉን ራሳችን እናስተምር ስለሚሉ ከኮሌጅ የሚመጣውን የሙያ ኮርስ ይገድባሉ። ስለዚህ ብልጥ ተማሪ ኮሌጅ ሳለ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስና ስታትስቲክስ ይወስዳል።

የእኛ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ «ኮሌጅ» የሚለውን ስም ይጋራል እንጂ ሥራው ሌላ ነው። ሥልጠናው በደረጃ ይሄዳል፤ የሚለካውም በብቃት ምዘና፣ ሁላችንም ሲኦሲ በምንለው ነው። ለሙያ ታስቦ የተቀረጸ እንጂ የዲግሪ ግማሽ አይደለም። ደረጃ 4 የጨረሰ ሰው ዲግሪ ለመማር የራሱ የመግቢያ መስፈርት አለበት፤ ሲገባም ሦስተኛ ዓመት ላይ አይቀመጥም።

ሌላው በር፣ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ፣ ጠባብ መሆኑም እውነት ነው። በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የመጣው የማካካሻ ትምህርት (ሪሚዲያል) ለብዙዎች ሁለተኛ ዕድል ሆኗል። «ከገቡ በኋላ ማን ይጥላል?» የሚለው ጨዋታ ግን ከ2015 ወዲህ አይሠራም፤ የመውጫ ፈተና የመንግሥቱንም የግሉንም ተማሪ እኩል ይጠብቃል።

«ዲፕሎማ ወረቀት ነው» የሚሉም አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተከፈተው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ተቋም በዲፕሎማ ያሠለጠናቸው ሰዎች ራዲዮውንም ጋዜጣውንም ሠርተውበታል፤ ተቋሙ ራሱ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገባ። የዲላ ዩኒቨርሲቲስ ቢሆን በ1988 ሲጀምር የመምህራንና የጤና ኮሌጅ አልነበረም እንዴ? ኮሌጅነት የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያሳፍረው የማይዛወረውን «ይዛወራል» ብሎ ገንዘብ መቀበል ነው።

ጋዜጠኝነት መልካም ድምፅ ነው የሚለው ደግሞ የሬዲዮ ዘመን ቅሪት ነው። በ2010 ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ ያስፈለገው በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ ጠይቆ፣ ቁጥሩን አጣርቶ፣ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ነበር። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 መባቻ ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሲሰፍርም እንሰትና ቡና በአንድ ጓሮ እንዴት እንደሚኖሩ ማስረዳት የሚችል ይፈለግ ነበር። ይህን ለመለማመድ የማንም ማኅተም አያስፈልግም፤ ይርጋጨፌ ቡና ማጠቢያ ቦታ ደብተር ይዞ መቆም ይበቃል።

ልጅቱ ኮሌጅ ትግባ ካላችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ፕሮግራሙ፣ በዚያው ካምፓስ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና አለው ወይ? ከዚያም ትዛወርበታለች የተባለው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ሄዳችሁ የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠር ጠይቁ። መልሱን በወረቀት ካልሰጧችሁ እንደሌለ ቁጠሩት።