የመኪና የጎን መስተዋት ሲሰበር በቤት ስለ መለወጥ

መኪና ለባለቤቱ ብቻ የተገዛ ንብረት ይመስላል እንጂ ከግቢው ወጥቶ መንገድ ላይ ሲሄድ የብዙ ሰዎች ደኅንነት በእርሱ ላይ ይንጠለጠላል። ነጂው ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ሲጓዝ ከኋላውና ከጎኑ የሚመጣውን እግረኛ፥ ብስክሌተኛና ባለ ባጃጅ የሚያይበት ሌላ ዐይን ያስፈልገዋል። ይህም ዐይን ሁላችን ስፖኪዮ እያልን የምንጠራው የጎን መስተዋት ነው። ቃሉ የመጣው ከጣልያንኛ ሲሆን ትርጓሜውም መስተዋት ማለት ነው።

እንግዲህ ስፖኪዮው ሲሰነጠቅ ወይም ተገንጥሎ ሲወድቅ የጎደለው የመኪናው ውበት ብቻ አይደለም። ብዙ ቤተ ሰብ ግን ነገሩን እንደ ቀላል በመቍጠር፥ የተሰነጠቀውን በፕላስተር አስሮ ዛሬ ነገ እያለ ወራት ያሳልፋል። በእነዚህ ወራት ውስጥ የነጂው አንድ ጎን ታውሯል ማለት ነው። በአገራችን መኪና የሚሄደው በቀኝ ስለ ሆነ፥ በቀኙ በኩል ያለው የእግረኛው መሄጃ፥ ታክሲ ጠባቂው የሚቆምበትና ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ልጅ የሚሮጥበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ጉዳት ሳይደርስ መለወጥ ይገባል። ሥራውም በአብዛኛው መኪና ላይ በቤት ሊሠራ የሚችል ስለ ሆነ፥ አፈጻጸሙን ለአንባብያን በየተራ ለመግለጽ አስበናል።

መስተዋቱ እንዴት እንደ መጣ

በመኪና ዘመን መጀመሪያ የኋላ ማያ መስተዋት አልነበረም። በ1909 እ.ኤ.አ. ዶሮቲ ሌቪት የምትባል እንግሊዛዊት የመኪና ተወዳዳሪ ስለ ሴቶችና ስለ መኪና በጻፈችው መጽሐፍ፥ ሴቶች ነጂዎች ትንሽ የእጅ መስተዋት ይዘው ወደ ኋላ እንዲመለከቱበት መክራለች። በ1911 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሬይ ሃሩን የተባለው አሜሪካዊ፥ ሌሎች ተወዳዳሪዎች ወደ ኋላ የሚያይላቸው ረዳት አስቀምጠው ሲነዱ፥ እርሱ ብቻውን ተቀምጦ በመኪናው ላይ ባሠራው መስተዋት እየተመለከተ በኢንዲያናፖሊስ የ500 ማይል ውድድር አሸነፈ። ከዚህም እንደምንረዳው መስተዋቱ ከመጀመሪያው የታሰበው የአንድን ጠባቂ ሰው ሥራ እንዲሠራ ነው።

የጉዳቱን ዐይነት ስለ መለየት

አስቀድሞ የተሰበረው ምን እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ሦስት ዐይነት ጉዳት አለ። የመጀመሪያው መስተዋቱ ብቻ ሲሰነጠቅ፥ ሁለተኛው ከጀርባው ያለው የፕላስቲክ ክዳን ሲሰበር፥ ሦስተኛው መያዣው ተሰብሮ ስፖኪዮው በሞላው ሲወድቅ ነው። መስተዋቱ ብቻ ተሰንጥቆ ሳለ ሙሉውን መግዛት ያለ ምክንያት ገንዘብ ማባከን ነው፤ መያዣው ተሰብሮ ሳለ ደግሞ መስተዋቱን ብቻ መለጠፍ ዋጋ የሌለው ድካም ነው።

መስተዋቱን ከመስተዋት ቆራጭ ዘንድ አስቆርጠው የሚለጥፉ ሰዎች አሉ። ይህ በጥንቃቄ መታየት አለበት። የብዙ መኪና የቀኝ ስፖኪዮ፥ በብዙዎችም ላይ ግራው ጭምር፥ ሰፊ ቦታ እንዲያሳይ ወደ ውጭ በጥቂቱ የጎበጠ ነው። በእርሱ የሚታየው ነገር ከእውነተኛው ይልቅ ያነሰና የራቀ ይመስላል፤ በለውጡ ግን ዝርጉ መስተዋት የማያሳየውን ማዕዘን ያሳያል። በጎበጠው ፈንታ ዝርግ መስተዋት የለጠፈ ሰው፥ መስተዋት አለኝ ብሎ እየተማመነ ከቀድሞው ያነሰ ቦታ ያያል። ስለዚህ ለመኪናው ሞዴልና ለተሠራበት ዓመት የተዘጋጀውን መግዛት ይሻላል። መሪው በቀኝ ለሆነ መኪና የተሠራ ስፖኪዮም አቅጣጫው ለግራ መሪ እንደማይስማማ ማስታወስ ይገባል።

ከየት ይገዛል?

በዚህ ሥራ ውስጥ ከመፍቻና ከብሎን ይልቅ የሚከብደው ነገር ይህ ነው። በአዲስ አበባ ከቆመ መኪና ላይ ስፖኪዮ ተነቅሎ መሰረቁ አዲስ ወሬ አይደለም። የተሰረቀበት ሰው የገዛ ዕቃውን መልሶ ይገዛል እየተባለ ሲቀለድ እንሰማለን፤ ቀልዱ ግን መራራ ነው። የሚሰርቀው ሰው መስተዋቱን ለራሱ ሊመለከትበት አይሰርቀውም፤ የሚገዛው እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ ከየት መጣ ብለን ሳንጠይቅ በግማሽ ዋጋ የምንገዛ ከሆነ፥ ለነገው ስርቆት ቀብድ እንደ ከፈልን ይቈጠራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም የተሰረቀን ዕቃ እያወቁ መግዛትና መደበቅን እንደ ወንጀል ይቀጣል።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት በራሱ ነውር የለውም። ከተጋጨና ከአገልግሎት ከወጣ መኪና በሚገባ የተፈታ ስፖኪዮ ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ ይህንም በሐቅ የሚነግዱ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ገዢው ምልክቱን ይመልከት። በሚገባ የተፈታ ስፖኪዮ የሽቦው መጋጠሚያ ደኅና ሆኖ ይገኛል፤ በችኮላ የተነቀለ ግን ሽቦው ተቆርጦ ወይም ተበጥሶ፥ መያዣውም ተፈልቅቆ ይታያል። በመስተዋቱ ላይ የሌላ ሰው የሰሌዳ ቍጥር ተጽፎበት የተፋቀ ከሆነ፥ ደረሰኝም ለመስጠት ሻጩ የሚያመነታ ከሆነ፥ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ትቶ መሄድ ነው።

በቤቱ ልጆቹን አትስረቅ የሚለውን ትእዛዝ የሚያስተምር አባት፥ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ሳለ ይህን መስተዋት ቢገዛ፥ ልጁ የሚይዘው ትምህርት የትኛውን ነው? ትእዛዙን በቃል ካጠናበት ቀን ይልቅ ያ የገበያ ቀን በልቡ ይቀረጻል። ትክክለኛውን ዋጋ ከፍሎ ደረሰኝ ተቀብሎ የተመለሰ አባት ግን ያለ ብዙ ንግግር አስተምሯል።

መስተዋቱን ብቻ ስለ መለወጥ

ለዚህ ሥራ ወፍራም ጓንት፥ ሰፊ ፕላስተር፥ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፥ ንጹሕ ጨርቅና ካርቶን ያስፈልጋል። ፕላስቲክ በብርድ ስለሚደርቅና ስለሚሰበር፥ በማለዳ ከመጀመር ፀሐይ ሞቅ እስኪል መቆየት ይሻላል። መኪናው ይጥፋ፥ ቍልፉም ይነቀል። ልጆች ራቅ ብለው ይቁሙ፤ በባዶ እግር የሚመጣ እንዳይኖርም ይነገር።

በመጀመሪያ የተሰነጠቀው መስተዋት እንዳይበተን በላዩ ላይ ፕላስተር በመስቀለኛ ይለጠፍ። ቀጥሎ የመስተዋቱን አንዱን ጠርዝ በመዳፍ ወደ ውስጥ ገፋ ቢያደርጉት፥ በተቃራኒው ያለው ጠርዝ ወደ ውጭ ይከፈታል። በዚያ ክፍተት በጨርቅ የተጠቀለለውን ካቻቪቴ አግብቶ በቀስታ ማንሣት ነው። በብዙ መኪና መስተዋቱ የሚያዘው በፕላስቲክ መንጠቆዎች ስለ ሆነ ቀጭ እያለ ይለቅቃል። የሚሞቅ መስተዋት ከሆነ ከጀርባው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይገኛሉ፤ ሽቦውን ሳይሆን የብረት ጫፉን ይዞ መንቀል ያስፈልጋል።

አዲሱን ለማስገባት ሽቦዎቹን መልሶ መንጠቆዎቹን በቦታቸው ካስተካከሉ በኋላ፥ ጨርቅ አድርጎ በሰፊ መዳፍ መካከሉን ቀጭ እስኪል ድረስ መጫን ነው። በጣት ጫፍ ጠርዙን የገፋ ሰው አዲሱን መስተዋት ይሰብራል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ነው። መስተዋቱ በማጣበቂያ የተያዘ ከሆነ ደግሞ አሮጌውን ማጣበቂያ ፍቆ፥ በአልኮል ጠርጎ፥ አዲሱን ለጥፎ በፕላስተር ደግፎ ማሳደር ይገባል። ስብርባሪው በጋዜጣ ተጠቅልሎ በቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ ይጣል፤ ቆሻሻ የሚያነሣው ሰውም እጅ አለውና።

ሙሉውን ስፖኪዮ ስለ መለወጥ

ለዚህኛው ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከውስጥ ይፈታል፥ ሌላው ከውጭ ደግፎ ይይዛል። ልጅ ያደገለት ቤት ከዚህ የተሻለ የጋራ ሥራ አያገኝም። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ስፖኪዮ ከሆነ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ አስቀድሞ ይፈታ።

በበሩ ውስጠኛ ገጽ፥ ከመስኮቱ የፊት ጥግ ላይ፥ ሦስት ማዕዘን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ይገኛል። በጨርቅ በተጠቀለለ ካቻቪቴ ከአንድ ጠርዝ ጀምሮ ሲነሣ ይለቅቃል። ከሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ብሎኖች ወይም ዳዶዎች ይታያሉ፤ በብዙ የጃፓን መኪና የ10 ቍጥር መፍቻ ይበቃቸዋል። ከመፍታት በፊት በበሩ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ በጨርቅ መድፈን አስተዋይነት ነው፤ አንድ ዳዶ ወደ በሩ ሆድ ከወደቀ የአንድ ሰዓት ሥራ የአንድ ቀን ይሆናል። የሽቦው መጋጠሚያ መቆለፊያው ተጫን ተደርጎ ይለያይ እንጂ በጉልበት አይጎተት። በውጭ ያለው ሰው ስፖኪዮውን ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ ብሎኖቹ ይፈታሉ።

አዲሱ ሲገባ ሦስቱንም ብሎኖች በመጀመሪያ በእጅ ብቻ ማስያዝ፥ ከዚያ በተራ በተራ በጥቂቱ ማጥበቅ ያስፈልጋል። አንዱን ብቻ እስከ መጨረሻ ያጠበቀ ሰው መያዣውን ያጣምማል፤ ከመጠን በላይ ያጠበቀም ይሰብረዋል። ዝናብ የሚከለክለው ጎማ በቦታው መቀመጡን ማየት፥ ክዳኑንም ከመመለስ በፊት ባትሪውን አገናኝቶ መስተዋቱ ወደ ላይ ወደ ታች፥ ወደ ግራ ወደ ቀኝ መንቀሳቀሱን መፈተን ይገባል።

በአንዳንድ መኪና ግን ስፖኪዮውን ለመፍታት የበሩ የውስጥ ልባስ በሞላው መነሣት አለበት፤ በሌሎች ደግሞ በስፖኪዮው ውስጥ ካሜራ ወይም መኪና ሲቀርብ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ይገኛል። እንዲህ ያለው ለዐዋቂ መካኒክ ይተው። አቅምን ዐውቆ መተው ከሥራው ዕውቀት አንዱ ክፍል ነው።

ካለቀ በኋላ ስለ ማስተካከል

አዲስ መስተዋት ተገጥሞ ካልተስተካከለ እንዳልተገጠመ ነው። ነጂው በመጀመሪያ ወንበሩን እንደ ልማዱ ያስተካክል፤ ከዚያ የመኪናው ጎን በመስተዋቱ ጠርዝ ላይ ጥቂት ብቻ እስኪታይ፥ አድማሱም በመካከል እስኪውል ድረስ ያዙረው። ይህ ሲሆን መኪናው እንደ ጠፋ፥ ከቤተ ሰቡ አንዱ ከኋላ ተነሥቶ በጎኑ በኩል ቀስ እያለ ወደ ፊት ይራመድ። ነጂው በመስተዋቱ ሲመለከተው ቆይቶ በአንድ ቦታ ላይ ይሰወርበታል። ያ ቦታ ምንም መስተዋት ቢገጠም የማይታይ ሥፍራ ነው፤ ስለዚህም ወደ ጎን ከመታጠፍ በፊት አንገትን ዞር አድርጎ መመልከት ግድ ይሆናል። የገዛ ልጁ ከመስተዋቱ ሲጠፋ ያየ ነጂ ይህን ትምህርት አይረሳም።

በብዙ ምእመናን መኪና ውስጥ በፊተኛው መስተዋት ላይ መስቀል ወይም ሥዕል ተንጠልጥሎ ይታያል። የመልካም ልብ ምልክት ነው፤ ነገር ግን እየተወዛወዘ የነጂውን ዕይታ የሚጋርድ ከሆነ፥ ዕይታን በማይከለክልና ለክብሩ በሚስማማ ቦታ ማኖር ይሻላል።

ስፖኪዮው ዳግመኛ እንዳይሰረቅ አንዳንዶች የሰሌዳቸውን ቍጥር በመስተዋቱ ጥግ ላይ ያስቀርጻሉ፤ ጥቂት ወጪ የሚጠይቅና ለሌባው ገበያውን የሚያጠብብ ዘዴ ነው። ይህም ሁሉ ቢደረግ ከግማሽ ቀን የበለጠ ሥራ የለበትም። መስተዋቱ ተሰንጥቆ በግቢያችሁ የቆመ መኪና ካለ፥ ለመጪው ሳምንት ሳታስተላልፉ በመጀመሪያው ትርፍ ጊዜያችሁ እንድትጀምሩት እናሳስባለን።