ተጨማሪ መረጃ፦ የብሌክ «ለንደን»

እንግሊዛዊው ገጣሚና የመዳብ ቀራጭ ዊልያም ብሌክ በ1794 እ.ኤ.አ. ለኅትመት ያበቃው «ለንደን»፣ ስሜትንና ምናብን ከደረቅ አመክንዮ ካስቀደመው የሮማንቲክ እንቅስቃሴ የተቃውሞ ግጥሞች አንዱ ሲሆን፣ በ16 ስንኞች ብቻ የአንድን ታላቅ ከተማ ሥርዓት ይከስሳል። ተራኪው በቴምዝ ወንዝ አካባቢ እየተዘዋወረ ከሚያየው ይልቅ የሚሰማው ይበልጣል፤ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ሕፃናት ለቅሶ ቤተ ክርስቲያንን፣ የወታደሩ ሲቃ ቤተ መንግሥትን፣ የወጣቷ ሴተኛ አዳሪ እርግማን ደግሞ ጋብቻን ይወነጅላል። እነዚህ ጠራጊዎች የገጣሚው ፈጠራ አልነበሩም፤ በ1788 የወጣው ሕግ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዚህ ሥራ እንዳይሰማሩ ቢከለክልም፣ በቂ የማስፈጸሚያ ሥልት ስላልነበረው ብዙም አልተከበረም። ብሌክ ቃሉንና ሥዕሉን በአንድ የመዳብ ሰሌዳ ላይ አዘጋጅቶ ራሱ ያትም ስለነበር፣ በምርኩዝ የሚያዘግም ሽማግሌን የሚመራ ልጅ የሚታይበት ሥዕል እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ግጥሙ አካል ሊነበብ ይገባል። በእንግሊዝኛው የሦስተኛው አንጓ፣ ማለትም የአራት ስንኞች ምድብ፣ የየስንኙ መነሻ ፊደላት ከላይ ወደ ታች ሲነበቡ «ስማ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ ግጥሙ በሙሉ በጩኸትና በሲቃ የተሞላ በመሆኑም ይህን የአጋጣሚ ውጤት ነው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል።