ካቶሊካዊ መምህር እምነቱን በትምህርት ቤት ውስጥ እንዴት ይኖረዋል?

በዚህ ተቋም ውስጥ ካቶሊካውያን የሆንነው ዕጩ መምህራን ብንሰበሰብ አንድ የምግብ አዳራሽ ጠረጴዛ አንሞላም። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአገራችን ካቶሊክ ነኝ ብሎ የተመዘገበው ሰው ከመቶ 0.7 ብቻ ነበር። ስለዚህ የመኝታ ቤት ጓደኞቻችን «ለመሆኑ እናንተ ምንድን ናችሁ? ትጾማላችሁ? የፈረንጅ ሃይማኖት አይደለም እንዴ?» እያሉ ቢጠይቁን አንቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይለናል። የዛሬው ጽሑፋችን ግን ማንንም ወደ እኛ ለመሳብ የተጻፈ አይደለም። መምህርነትን የመረጠ አንድ ካቶሊክ፣ ብዙዎቹ እንደ እርሱ በማያምኑበት ትምህርት ቤት ውስጥ እምነቱን በምን ዓይነት ሁኔታ እንደሚኖረው ለማስረዳት ነው። በዚያውም የምንከፍለው አንድ ዕዳ አለብን፤ ወደ ኋላ እንደርስበታለን። (ከዚህ በታች ስለ ቀደመው ዘመን የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ለጓደኞቻችን ጥያቄ አጭር መልስ እንስጥ። አዎን፣ እንጾማለን። በአገራችን ያለችው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሥርዓት አላት። በአዲስ አበባ፣ በዓዲግራት፣ በእምድብርና በባሕር ዳር ሀገረ ስብከቶች የግእዝ ሥርዓት ነው፤ ቅዳሴው፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ለኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን እንግዳ አይሆንባቸውም። በሶዶ፣ በሐዋሳ፣ በሆሳዕና፣ በመቂ፣ በሐረርና በነቀምቴ ደግሞ የላቲን ሥርዓት ነው። እኛ ራሳችን ከሁለቱም ወገን ስለሆንን ዐቢይ ጾም የሚገባበትን ቀን በተመለከተ እርስ በርሳችን የምንከራከርበት ጊዜ አለ።

ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። አንድ ሰው እምነቱን በትምህርት ቤት ውስጥ ይኖረዋል ሲባል በመጀመሪያ ወደ ልቡናችን የሚመጣው መስበክ ነው። ይህ አስተሳሰብ ግን በአገራችን ታሪክ መራራ ፍሬ አፍርቷል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው በሕዝቡ ላይ ለመጫን በሞከሩ ጊዜ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ደክሟቸው አዋጁን ሻሩ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። እኛ ካቶሊኮች ይህንን ታሪክ ሌላ ሰው ከሚነግረን ራሳችን ብንናገረው ይሻላል። ለጥርጣሬው ምክንያት አለ ማለታችን ነው።

ዛሬ ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ሲያረጋግጥ፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ያዛል። አብዛኞቻችን የምንመደበው በመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሆነ በክፍል ውስጥ ስብከት ፈጽሞ አይፈቀድልንም። ለእኛ ይህ ሕግ ሸክም ነውን? አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ባወጣው ስለ ሃይማኖት ነጻነት በሚናገረው ሰነዱ ማንም ሰው ሳይወድ እንዲያምን ሊገደድ እንደማይገባ አስታውቋል። በዚያው ዓመት የወጣው ስለ ትምህርት የሚናገረው ሰነድም ካቶሊካዊ ትምህርት ቤትን ከሌላው የሚለየው የነጻነትና የፍቅር መንፈስ ያለበት ማኅበረሰብ መሆኑ ነው ይላል። የዚህም ሥራ ፍጻሜ ከሁሉ በላይ በመምህራኑ እጅ ነው ይላል። ልብ በሉ፤ በሕንፃው ወይም በመስቀሉ አላለም።

ያለ ስብከት እምነትን መኖር ይቻላል ወይ ለሚለው ከአገራችን አንድ ምሳሌ እናምጣ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1945፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከካናዳ ኢየሱሳውያንን አስመጥተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ አደረጉ። ስምምነቱ የካህን ልብሳቸውን እንዳይለብሱና ሃይማኖታቸውን እንዳያስፋፉ ነበር። እነርሱም ኮትና ሱሪ ለብሰው ሒሳብና ሳይንስ አስተማሩ። ከመካከላቸው አባ ሉስየን ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት በኃይል ያልተሳካው ማኅበር በዝምታ ተመልሶ የአገሪቱን ከፍተኛ ትምህርት በመመሥረት ተካፈለ ማለት ነው። ይህ ጉዳይ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

አሁን በሰፊው ልናወራ የምንፈልገው ስለ አንድ ሰው ነው፤ የእኛን ተቋም የመሰለ የመምህራን ማሠልጠኛን ከፈጠሩት መካከል ስለሚቆጠረው ስለ ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላ ሳል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤትን የሚመሩት ወንድሞች የእርሱ ማኅበር ልጆች ናቸው።

ደ ላ ሳል በ1651 በፈረንሳይ አገር ራንስ በምትባል ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ የካቴድራሉ ካህናት ጉባኤ አባል ሆኖ ቋሚ ገቢ ነበረው፤ በ1678 ቅስናን ተቀበለ። በሚቀጥለው ዓመት አድርያን ንዬል የተባለ ሰው ለድኻ ልጆች ነጻ ትምህርት ቤት ለመክፈት ወደ ከተማዋ መጣና እርዳታ ለመነው። እሺ ብሎ ረዳው፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል ብሎም አሰበ። ግን የተቀጠሩት መምህራን ሥልጠና የሌላቸው፣ ደመወዛቸው አነስተኛ፣ ኑሯቸውም የተበላሸ ነበር። ደ ላ ሳል እነዚህን መምህራን መጀመሪያ ከቤት አሽከሩ አሳንሶ ያያቸው እንደነበር በኋላ ራሱ ጽፏል። ሆኖም እነርሱ ካልተሻሻሉ ትምህርት ቤቱ እንደማይሻሻል ስለገባው በ1680 ከገበታው እንዲበሉ ጋበዛቸው፤ በ1681 ደግሞ ጭራሽ በቤቱ አስገባቸው። ዘመዶቹ ተቈጡ፤ እነዚህን ከየት የመጡ ሰዎች ከእኛ ጋር ታቀላቅላለህ ብለው ታናናሽ ወንድሞቹን ሳይቀር ከቤቱ አወጡበት። እርሱ ግን በ1682 የአባቱን ቤት ትቶ ከመምህራኑ ጋር በኪራይ ቤት መኖር ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እኛን የነካን። መምህራኑ ስለ ወደፊቱ ይጨነቁ ነበር፤ ብንታመም ማን ይጦረናል? ትምህርት ቤቱ ቢዘጋስ? ደ ላ ሳልም በእግዚአብሔር ታመኑ፣ ለአበቦችና ለአዕዋፍ የሚያስብ አምላክ ይረሳችኋልን እያለ ያጽናናቸዋል። አንድ ቀን ታዲያ ፊት ለፊት መለሱለት፤ አንተ እንዲህ ማለት አይከብድህም፣ ውርስም ሹመትም አለህ፣ ሥራው ቢፈርስ አንተ አትወድቅም፣ የምንወድቀው እኛ ነን አሉት። ቃላችን ይህ ባይሆንም ሐሳቡ ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። እርሱ ግን እውነታቸውን ነው አለ። በ1683 ሹመቱን ለቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ከተማዋን ረኃብ በመታት ጊዜ ሀብቱን በዳቦ ለድኾች አከፋፈለ። የሚገርመው ገንዘቡን ለትምህርት ቤቶቹ መቋቋሚያ አለማድረጉ ነው። ይህ ብልኅነት ነበር ወይስ አይደለም በሚለው ላይ እኛ ራሳችን አልተስማማንም። ቢያንስ ከዚያ በኋላ «አንተማ አለህ» የሚለው አልነበረም።

ለሙያችን የተወልንም ቀላል አይደለም። በዚያን ጊዜ ልጆች ንባብ የሚጀምሩት በማያውቁት በላቲን ነበር፤ ደ ላ ሳል በአፍ መፍቻቸው በፈረንሳይኛ እንዲጀምሩ አደረገ። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠርቶ ከማስተማር ይልቅ በደረጃ ከፋፍሎ ባንድ ጊዜ ማስተማርን አስፋፋ። በ1680ዎቹ ለገጠር መምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። ለትምህርት ቤቶቹ በጻፈው መመሪያ ውስጥ ተማሪ ሲቀር ወይም ሲያረፍድ መምህሩ የመቅረቱን ምክንያት እንዲመረምር ያዝዛል፤ ምግብ የተረፈው ልጅ ዳቦውን በቅርጫት አኑሮ ላጣው እንዲዳረስ ያደርጋል። ወንድሞቹ ካህናት እንዳይሆኑ የወሰነውም ማስተማር ራሱ ሙሉ ጥሪ ስለሆነ ነው። በ1719 ዐረፈ፤ በ1900 ቅዱስ ተባለ፤ በ1950 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ብለው ሰየሙት።

እንግዲህ ወደ ዕዳችን እንምጣ። እኛ ካቶሊኮቹ በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ ተሰብስበን እንጸልያለን፤ መቁጠርያ እንደግማለን፣ ወንጌል እናነባለን። መልካም ነገር ነው። ግን ከመካከላችን ሦስቱ የምንኖርበት መኝታ ቤት የጽዳት ተራችን ረቡዕ ማታ ነበር። «ከጸሎት ስንመለስ እንጠርጋለን» እንላለን፤ ስንመለስ ተጠርጎ እናገኘዋለን፤ ተመስገን ብለን እንተኛለን። ለካ ከወሎ የመጣ አንድ ሙስሊም ጓደኛችን አንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት የእኛን ተራ ሲጠርግ ኖሯል! ውኃም ከታች በጀሪካን ያመጣ የነበረው እርሱ ነው። አንድ ቀን በሳቅ አድርጎ «ጸሎታችሁን አላህ ይቀበላችሁ፤ ግን እኮ ረቡዕ የእናንተ ተራ ነው» አለን። በሳቅ ባይሆን ይሻለን ነበር። የደ ላ ሳልን ታሪክ ያነበብነው ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው። ስለ ወንድማማችነት የምናነበውን ወንጌል በሌላ ሰው ጉልበት ነበር የምናነበው።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን፣ ሮመዳንና ዐቢይ ጾም በገጠሙበት በየካቲት ወር፣ ከእኛ አንዱ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት እንዲሰጥ ተመድቦ ነበር። አንድ የ6ኛ ክፍል ልጅ አርፍዶ መጣ፤ እርሱም ሜዳውን ሦስት ጊዜ እንዲዞር አዘዘው። ልጁ ሁለቱን ዞረ፤ በሦስተኛው ተቀመጠ። «ቲቸር፣ ጾመኛ እኮ ነው» አለች አንዲት ተማሪ። ያዘዘው ሰው ራሱ በዚያ ሰዓት ጾሞ ነበር! የራሱን ጾም የሚያውቅ፣ የልጁን ያላሰበ። ያረፈደውስ ለምን እንደሆነ ጠይቆ ነበር? አልጠየቀም። በኋላ ሲጠይቅ ልጁ ታናሽ እኅቱን በሌላ በኩል ወዳለው ትምህርት ቤት አድርሶ እንደሚመጣ ተረዳ። በማግስቱ በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀው። ልጁም «ምንም አይደለም ቲቸር» አለ፤ ግን ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ እጁን አላወጣም። ጓደኛችን ኑዛዜ ሄዷል፤ ቢሆንም ያ ልጅ እጁን አላወጣም።

ከዚህ በመነሣት እምነትን በትምህርት ቤት መኖር ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ለምሳሌ ያህል ውጤት አሰጣጥን እንውሰድ። የአንድ ቁምስና ልጅ ክፍላችን ውስጥ ቢገኝና ወላጆቹ «የእኛው ልጅ ነው፣ እይልን» ቢሉ፣ 48ቱን 50 ማድረግ ደግነት ይመስላል። ነገር ግን ከጎኑ 48 ያገኘው ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ልጅ ያየናል፤ ስለ ሃይማኖታችንም በዚያች ሁለት ነጥብ ይማራል። ኩረጃም እንዲሁ ነው። ጓደኛ ተጨንቆ ወረቀት አሳየኝ ሲል እንቢ ማለት ቀላል አይደለም፤ ግን ከፈተናው በፊት ባሉት ማታዎች አብሮት ላላጠና ሰው እንቢታው ጽድቅ አይሆንለትም። ይህንን በተመለከተ መምህራኖቻችን የተሻለ ምክር ቢኖራቸው በዚሁ ሰሌዳ ላይ ቢጽፉልን እንወዳለን።

ስለ ጸሎትም የሚጠይቁን አሉ፤ ክፍል ስትገቡ ታማትባላችሁ ወይ? በደ ላ ሳል ትምህርት ቤቶች በየተወሰነ ሰዓት ሥራ ይቆምና ሁሉም እግዚአብሔር በፊታቸው መኖሩን ያስባሉ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ይህንን ጮክ ብለን ልናደርገው አንችልም፤ አይገባምም። ግን ስም ከመጥራታችን በፊት ለአፍታ ዝም ብለን ልጆቹን ማየትን የሚከለክል መመሪያ የለም። እኛ አሁን ይህንን እየተለማመድን ነው። ሃምሳና ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ያቺ አፍታ ታጥራለች፤ ቢሆንም ማን እንደቀረ፣ ማን ፊቱ እንደጠቆረ ይታይባታል። የስም መጥሪያውን ስንይዝ ከ«ቀ» ምልክት ጎን ምክንያቱን በእርሳስ እንጽፋለን። ተቆጣጣሪ መምህራችን መጀመሪያ ይህ ምን ያደርጋል ብለውን ነበር፤ በኋላ ግን እርሳሱ እንዳይደበዝዝ በእስክሪብቶ ጻፉት አሉን።

የጸሎት ሰዓታችን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ወደ ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት ተዛውሯል። አዲሱ የጽዳት ተራ በመኝታ ቤታችን በር ላይ ተለጥፏል፤ እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ረቡዕም ዓርብም የእኛ ነው። የወሎው ጓደኛችን ዓርብን አልቀበልም ብሎ ስሙን ሁለት ጊዜ መልሶ ጽፎበታል፤ እኛም ሁለት ጊዜ ሰርዘነዋል።