የባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫዎች የጦር ማማ ሲሆኑ

በብረት እግሮች ባሕር ውስጥ ቆሞ ነዳጅ ወይም ጋዝ የሚያወጣ መድረክ የጦር ኃይሎችን የሚስበው ከሀብቱ ይልቅ በከፍታው ነው። ራዳር፣ ማለትም የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ነጸብራቁን በመቀበል የአንድን አካል ርቀትና አቅጣጫ የሚለይ መሣሪያ፣ የመሬትን ድቡልቡልነት አልፎ ማየት ስለማይችል፣ ከባሕር ወለል በ2 ሜትር ከፍታ ሲተከል ውኃውን እስከ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሲቃኝ፣ በ30 ሜትር መድረክ ላይ ግን ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። በቆላ የማሽላ ጠባቂ ማማ ሠርቶ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ርቀቱ በከፍታው ልክ አይጨምርም፤ ከንፋስ መውጫ በስተምዕራብ ያለው፣ ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነው ጉና በባሕር ጠረፍ ቢቆም፣ ከ30 ሜትሩ መድረክ ከ130 ጊዜ በላይ ቢልቅም እይታው የሚሰፋው 12 እጥፍ ያህል ብቻ ነው።

አሜሪካ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአትላንቲክ የተከለቻቸው የራዳር ማማዎች ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ መድረኮች የተቀዱ ነበሩ። ቁጥር 4 የተባለው ማማ ቀድሞ በአውሎ ነፋስ ተጎድቶ ስለነበር በጥር 1961 በማዕበል ሲሰጥም በላዩ የነበሩት 28 ሰዎች በሙሉ አለቁ፤ በጥልቅ ውኃ የቆመ ማማ ከጠላት በፊት ባሕሩን መቋቋም እንዳለበት ያሳየ መራራ አደጋ ነበር።

የኢራን መድረኮች ዕጣ ደግሞ ከዚህ ይለያል። አሜሪካ መርከቦችን ለመሰለልና ለማጥቃት ይውላሉ በማለት በጥቅምት 1987 ሠራተኞቹ እንዲለቁ ካስጠነቀቀች በኋላ አራት የጦር መርከቦቿ 1,000 ያህል የመድፍ ጥይት ተኮሱባቸው፤ ብረቱን ለማፍረስ ግን ፈንጂም አስፈልጎ ነበር። የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2003 ጥቃቱ ራስን ለመከላከል አስፈላጊ እንዳልነበረ ቢወስንም የኢራንን የካሳ ጥያቄ ውድቅ አደረገ። በጥቁር ባሕር ደግሞ ሩሲያ በ2015 የያዘቻቸውን የዩክሬን የጋዝ መድረኮች ለራዳርና ለሄሊኮፕተር ማረፊያ ስትገለገልባቸው ቆይታ፣ ዩክሬን በመስከረም 2023 መልሳ መያዟን አስታወቀች።

በጦርነት ሕግ መሠረት ለውጊያ የዋለ የሲቪል ተቋም ጥበቃውን ያጣል፤ መድረክ ደግሞ እንደ መርከብ ሸሽቶ አያመልጥም። ስለዚህ ራዳር የሚጭን መንግሥት ሠራተኞቹን ለጥቃት ያጋልጣል፣ ባሕሩንም ለዘይት ብክለት። ነዳጇ በመርከብ ተጓጉዞ በጅቡቲ በኩል የሚደርሳት ኢትዮጵያም የሲቪል መድረኮች ከጦር አገልግሎት ውጭ እንዲሆኑ በዓለም አቀፍ መድረክ ድምጿን ልታሰማ ይገባል።