ዓሣው ለምን ሞተ? ሮቶአችሁስ ለምን አረንጓዴ ሆነ?

ገንዳ ውሃ ከተማ አንድ ካፌ ውስጥ፣ መስኮት ሥር የተቀመጠ የዓሣ አኳሪየም ነበር። መጋቢት ላይ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አለፍ ባለበት ሰሞን፣ ውሃው አረንጓዴ ሆነና ዓሣዎቹ መታየት አቆሙ። እዛ የሚሠራው ልጅ ውሃውን በሙሉ ደፋው፣ መስታወቱንም ጠጠሩንም ፈተገ፣ ከዛ ጠዋት ክሎሪን ከጨመረበት ሮቶ ቀድቶ ሞላው። ማታ ላይ ዓሣዎቹ ሁሉ ሞተው ተንሳፈፉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባዶው አኳሪየም እንደገና አረንጓዴ!

"ውሃው መርዝ አለው" ተባለ። የለውም። ክሎሪን እኛ በምንጠጣው መጠን አይጎዳንም፤ ዓሣ ግን የሚተነፍሰው ውሃው ውስጥ ስለሆነ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ውሃውን ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን የሚያቆዩት ክሎሪኑ እንዲተን ነው። ደግሞ በአንዴ ሁሉንም አይቀይሩም፣ በሳምንት ሩቡን ያህል ብቻ። ጠጠሩ ላይ የዓሣውን ኩስ መርዝነት የሚያጠፉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ልጁ ፈትጎ የጣለው እነሱንም ነው።

አረንጓዴው ነገር አልጌ ነው፣ ትምህርት ቤት "ዋቅላሚ" ያሉን። የሚፈልገው ብርሃን፣ ሙቀትና ምግብ ነው። ምግቡ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፣ ያው ማዳበሪያ ማለት ነው። አኳሪየም ውስጥ ከዓሣው ኩስና ከተረፈ ምግብ ይመጣል። ጣና ላይ እምቦጭን የሚያወፍረውም ይኸው ነው። ሙቀቱን ቆላ ላይ ሆነን የትም አናደርሰውም። ብርሃኑን ግን መከልከል እንችላለን።

አሁን ወደ እናንተ ግቢ እንምጣ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በሮቶና በጀሪካን ሞልተን ለቀናት እናስቀምጣለን። ነጭ ሮቶም ቢጫ ጀሪካንም ብርሃን ያሳልፋል። ፀሐይ ላይ ሲውል አልጌው ያድጋል፣ ክሎሪኑ ደግሞ ይጠፋል። ለዓሣው ደግ የሆነው ነገር ለእናንተ ክፉ ነው! በ2015 መጨረሻና በ2016 መጀመሪያ ኩመር የስደተኞች ጣቢያ ኮሌራ ገብቶ ሰው እንደሞተ የመተማ ሰው አይረሳውም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር እንዳይምታታ፦ አረንጓዴ ውሃ ሁሉ ኮሌራ የለበትም፣ ጥርት ያለ ውሃም ኮሌራ ሊኖርበት ይችላል። የአልጌው ጣጣ ሌላ ነው። ሮቶው ግድግዳ ላይ የሚጣበቀው ሙልጭልጭ ነገር ክሎሪኑን ይጨርሰዋል፣ ለጀርም ደግሞ መደበቂያ ይሆናል። ስለዚህ ሳያጥቡ ክሎሪን መጨመር ብር ማባከን ነው።

መጀመሪያ ሮቶውን ባዶ አድርጋችሁ ፈትጉት። ከቻላችሁ ጥቁር ሮቶ ግዙ፣ ካልቻላችሁ ጥላ ሥር አድርጋችሁ ሸፍኑት፤ ክዳኑም ይገጠም። ለመጠጥ የሚሆነውን በጀሪካን ለይታችሁ አክሙ። "ውሃ አጋር" ከሆነ ለ20 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ አንድ ክዳን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ከደፈረሰ በንጹህ ጨርቅ አጥልሎ ሁለት ክዳን። ሌላ ዓይነት ከሆነ ጥንካሬው ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቡ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 ደቂቃ በኋላም በሊትር ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም ክሎሪን ይትረፍ ይላል። ሽታው ትንሽ ከተሰማችሁ አትደንግጡ።

አረንጓዴ የሆነውን ውሃ ግን አፍልታችሁም አትጠጡት። አንዳንዱ ዓይነት የሚያመነጨው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ለዛፍ አጠጡት፣ ዛፉ ይወደዋል።

የካፌው ልጅ አኳሪየሙን ከመስኮት አርቆ ሦስት ቀን በጥቁር ጨርቅ ሸፈነው። አልጌው ሞቶ ሥር ዘቀጠ፣ በቀጭን ጎማ ስቦ አወጣው። አዲስ ዓሣ እስኪያመጣ በባልዲ ውሃ ማሳደር ጀምሯል። ጓሮ ያለውን ሮቶ ደግሞ በሰሊጥ ጆንያ ጠቅልሎታል።