ዝናቡ ሳይቀድመን በርና ጣሪያችንን እንጠግን

እንደሚታወቀው የካኩማ ሰማይ ዓመቱን ሙሉ ሲያቃጥለን ይከርምና ዝናቡን ሲያመጣው በድንገት፣ ያውም በነፋስ አጅቦ ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ደረቁ ላጋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሞልቶ ሲወርድ፣ ማባቲም ከነሚስማሩ ተነሥቶ ሲበር ያላየ የካምፓችን ነዋሪ ጥቂት ነው። ካምፑ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም ለጊዜው ተብሎ ነበር፤ እኛ ግን ልጅ ወልደን ያሳደግነው ለጊዜው በተሠራው የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ቀደም ሲል ፉንዲ ጠርቶ ማሠራት ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽኑ ከተቀነሰ ወዲህ ግን ለፉንዲ የሚከፈለው ሽልንግ ከልጆች አፍ የሚወጣ ሆኗል። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን አንድ ቤተሰብ በራሱ እጅ ሊሠራው የሚችለውን ጥገና፣ ለዚያም የሚያስፈልገውን መሣሪያ፣ አናጺ ወንድሞቻችንን ጠይቀን ይዘንላችሁ ቀርበናል።

ከመሣሪያው እንጀምር። ለቤት ጥገና የግድ የሚያስፈልጉት አራት ናቸው፤ ሚስማር መንቀያ ያለው መዶሻ፣ መጋዝ፣ ፒንሳና ሜትር። መላጊያና መሮ የአናጺ ዕቃዎች ናቸው፤ በዓመት አንዴ ለምትፈልጉት መላጊያ ገንዘብ ከምታወጡ ተዋሱ፣ ወይም እንጨቱን እዚያው የምትገዙበት ቦታ አስልጉት። አራቱንም ቢሆን እያንዳንዱ ቤት ለየብቻ መግዛት አለበት ብለን አናምንም። አምስት ጎረቤት እንደ እቁብ አዋጥቶ ቢገዛና አንዷ ቤት ቢቀመጥ ይበቃል። ጭቅጭቅ የሚመጣው መሣሪያው ሲሰበር ማን ይተካል በሚለው ነው፤ እሱን ከመግዛታችሁ በፊት ተነጋገሩበት።

መዶሻ ስትገዙ ጭንቅላቱን ሳይሆን እጀታውን ተመልከቱ። የእንጨቱ ጭረት ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት፤ በመሐል አግድም ከተቆረጠ በሁለተኛው ቀን ይሰበራል። ጭንቅላቱ ሲላላ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። እርግጥ ነው ለዕለቱ ያጠብቀዋል፤ ሲደርቅ ግን እንጨቱ ይኮማተርና ከበፊቱ ብሶ ይላላል። ይልቅ መዶሻውን ጭንቅላቱን ወደ ታች አንጠልጥላችሁ የእጀታውን ጫፍ በሌላ እንጨት ምቱት፤ ጭንቅላቱ ራሱ ወደ እጀታው እየገባ ይጠብቃል። ከዚያ በደረቅ እንጨት የተጠረበ ሽብልቅ ይግባበት። የላላ መዶሻ ይዞ ሕፃናት ባሉበት ግቢ መሥራት ግን ፈጽሞ አይገባም።

መጋዝ ሲገዛ ደግሞ ጥርሱ መታየት አለበት። የጥርሱ ጫፍ ጠቆር ወይም ሰማያዊ ያለ ከሆነ በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ሞረድ አይበላውም፤ ሲደንዝ መጣል ነው። ሞረድ የሚበላው ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለመሳል ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ያስፈልጋል። መጋዙን በሁለት ጣውላ መሐል አጥብቃችሁ ያዙና ለያንዳንዱ ጥርስ እኩል፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ወደ ፊት ግፉ። እንጨትን በአግድም ለሚቆርጥ መጋዝ ሞረዱ ሰያፍ ይያዛል፤ በቁመት ለሚሰነጥቅ ግን ቀጥ ብሎ ነው። መጋዙ ስለት እያለው እንጨት ውስጥ እየተቀረቀረ ካስቸገረ ችግሩ ሌላ ነው፤ ጥርሶቹ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ዘንበል ማለታቸው ቀርቷል ማለት ነው። በፒንሳ ጫፍ በጥንቃቄ መልሶ ማዘንበል ይቻላል። ሥራው ሲያልቅ በትንሽ ዘይት ማሸት ከዝገት ያድነዋል።

ገበያ ስትወጡ ስሙን በስዋሂሊ ማወቁ ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ አይጎዳም። ሚስማር ሚሱማሪ ነው፤ የኛው ቃል ወንድም ነው፣ ሁለቱም ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። መዶሻ ኒዩንዶ፣ መጋዝ ምሱሜኖ፣ ሞረድ ቱፓ፣ መላጊያ ራንዳ፣ የበር ማጠፊያ ባዋባ ይባላል። ሚስማር የሚሸጠው በኪሎ ሲሆን ርዝመቱ በኢንች ይጠራል። የትኛውን እንግዛ ለምትሉ፣ ሚስማሩ ከሚመታው ጣውላ ውፍረት ሦስት እጥፍ ይርዘም። የማባቲ ውፍረት ደግሞ በጌጅ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ጌጅ 32 ከጌጅ 30 የቀጠነ ነው።

አሁን ወደ ጣሪያው እንውጣ። ከመውጣታችን በፊት ግን አንድ ነገር አለ፤ በብዙ ሰፈር ከጄነሬተር የሚሳበው የመብራት ገመድ በማባቲው ላይ ተጋድሞ ወይም በሚስማር ተይዞ ነው የሚያልፈው። ገመዱ በፀሐይ ተልጦ ከቆርቆሮው ጋር ከተገናኘ ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። እርጥብ ቀን ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ባለ ጄነሬተሩ ማጥፋቱን ሳታረጋግጡ እጃችሁን አታሳርፉ። ከዚህ ሌላ ሥራው በማለዳ ይሁን፤ ከረፋዱ በኋላ ቆርቆሮው እጅ ያቃጥላል፣ ነፋሱም ይነሣል። እግራችሁን የምታሳርፉት ከሥሩ እንጨት ባለበት፣ ማለትም የሚስማሩ መስመር ባለበት ላይ ብቻ ነው።

የጣሪያ ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ በረባዳው ላይ የተመታ ሚስማር ውሃውን በቀዳዳው ቁልቁል ይጋብዛል። በየሚስማሩ ሥር ጎማ ይግባ፤ ከሱቅ ባይገኝ ያረጀ የብስክሌት ከመነዳሪ በሳንቲም ልክ ቆርጦ መጠቀም ይቻላል። ነፋስ ጣሪያ የሚያነሣው ከጠርዙ ጀምሮ ስለሆነ በመሐል ሚስማር ብታሳሱ እንኳ በዳርና በዳሩ አታሳሱ። ሁለት ቆርቆሮ በጎን ሲደራረብ አንድ ጉብታ ተኩል ወይም ሁለት፣ ከላይ ወደ ታች ሲደራረብ ደግሞ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይግባ። የጎኑ መደራረቢያ ክፍት አፍ ነፋስ ወደሚመጣበት አይዙር። የተቀደደውን ስትደፍኑ የቁራጩ የላይኛው ጫፍ ከላይ ካለው ቆርቆሮ ሥር መግባት አለበት፤ ላዩ ላይ የተለጠፈ ሁሉ ውሃ ያስገባል። ለትንንሽ የሚስማር ቀዳዳዎች ሬንጅ በጨርቅ አድርጎ መለጠፍ ይበቃል።

ድንጋይና አሮጌ ጎማ ጣሪያ ላይ መጫን የለመድነው ነገር ነው። ጎማው እሺ፣ ድንጋዩ ግን ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያነሣ ወርዶ የሚያርፈው በተኛ ሰው ላይ ነው፤ በእኛ አስተያየት ቢቀር ይሻላል። በምትኩ ጠንካራ ሽቦ በጣሪያው እንጨት ላይ ጠምጥማችሁ በግድግዳው ውስጥ አምስትና ስድስት ረድፍ ጡብ ዝቅ ብሎ ከተቀበረ አግዳሚ እንጨት ጋር እሰሩት። በራሱ ክብደት የሚይዘው ያ ሁሉ ጡብ ነው።

እንጨትን በተመለከተ፣ በዙሪያችን የሞላው ማቴንጌ ለቋሚ ጥሩ ነው፤ ጠንካራና ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው ነው። ሆኖም ሚስማር አይቀበልም፤ ቀድሞ በመሰርሰሪያ መብሳት ያስፈልጋል። ለሌላው እንጨት ደግሞ የሚስማሩን ሹል ጫፍ በመዶሻ መታ አድርጋችሁ ብታደነዝዙት ጣውላው አይሰነጠቅም። እንጨቱን በራስ ሥልጣን ሄዶ መቁረጥ ግን ከቱርካና ጎረቤቶቻችን ጋር ስንት ጠብ ያስነሣ ጉዳይ ነውና ከነሱው መግዛት ይመረጣል። የበር መቃን እግሩ አፈር ከነካ ምስጥ ይበላዋል፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀመጥ፣ ጭቃውም እስከ እንጨቱ አይለሰን። ከግድግዳው ሥር ቀጭን የአፈር መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ካያችሁ የምስጥ መንገድ ነውና ቶሎ ቶሎ ጥረጉት።

በመጨረሻ ወደ በሩ እንምጣ፤ ለብቻዋ ከልጆቿ ጋር ለምታድር እናት ከጣሪያውም በላይ የሚያሳስበው እሱ ነው። ተንጋዶ መሬት የሚፍቅ በር አይቆለፍም፤ ስለማይቆለፍም ክፍት ያድራል። መንጋደዱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ያለው ሰያፍ እንጨት ስለሌለ ወይም በተገላቢጦሽ ስለተመታ ነው። እንጨቱ መነሣት ያለበት ከታችኛው ማጠፊያ አጠገብ ሆኖ፣ ወደ ላይ በመቆለፊያው በኩል ወዳለው ማዕዘን መውጣት አለበት። ያኔ የበሩን ክብደት ወደ ማጠፊያው ይገፋል። በሽቦ ከሆነ ግን አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ሽቦ የሚስብ እንጂ የሚገፋ አይደለምና ከላይኛው ማጠፊያ ወደ ታች፣ በመቆለፊያው በኩል ወዳለው ማዕዘን ይወጠራል። ከመምታታችሁ በፊት በሩን ከሥሩ በድንጋይ ወይም በሽብልቅ አንሡና ወደ ልኩ መልሱት፤ እንዲህ ካልሆነ የተንጋደደውን እንደተንጋደደ ማጽናት ይሆናል።

የማጠፊያው ሚስማር ሲወልቅ እዚያው ቀዳዳ ላይ መልሶ መምታት የማይጠቅም ድካም ነው። ቀዳዳውን በኮላ በተነከረ የእንጨት ስንጥር ጠቅጥቃችሁ ካደረ በኋላ ምቱ፤ ከተቻለ በጣውላው አልፎ በወዲያ የሚጠብቅ ብሎን ይግባ። ጓጉንቸር የሚንጠለጠልበትም ብረት እንዲሁ ነው፤ በአጭር ሚስማር ከተያዘ ሌባ በካቻቢቴ ያነሣዋል፣ የጓጉንቸሩ ውድነት ምንም አይጠቅምም። ብሎኑ ከውጪ ገብቶ ማጥበቂያው በውስጥ በኩል ይሁን፤ የውጪውም ጭንቅላት ለካቻቢቴም ለመፍቻም የማይመች ክብ ይሁን። ከውስጥ ደግሞ ወፍራም የእንጨት መወርወሪያ በሁለት ጎን በተተከሉ መያዣዎች ላይ ይረፍ። በውስጥ በኩል ጓጉንቸር አድርጋችሁ አትደሩ፤ እሳት ቢነሣ በጨለማ ቁልፍ መፈለግ ይመጣል። መወርወሪያው ትልቁ ልጅ ብቻውን በጨለማ ሊያነሣው የሚችል፣ ከፍታውም እሱ የሚደርስበት ይሁን፤ ከመተኛታችሁም በፊት ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ሁለቴ ይሞክረው።